ፋኑ ለምን አይነሳም? የአንባቢዎች የመኪና ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ሞተር ሙቀት ናቸው። ወቅቱም ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ባህር ዳር ስትሞቅ አሮጌ መኪና ድካሙን መደበቅ አይችልም። ሦስት ጥያቄዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ፤ በተሳሳተ ፍተሻ ምክንያት ደህና ዕቃ ሊጣል ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። የማሽከረክረው የ1992 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው። በሐሙሲት አድርጌ ወረታ ስሄድ የሙቀቱ መርፌ ግማሽ ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። ተመልሼ ከተማ ስገባ፣ በተለይ ቅዳሜ ገበያው አካባቢ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ መርፌው ወደ ቀዩ ይወጣል። የራዲያተሩ ፋን አይነሳም። መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። የሙቀት ስዊቹን (ውሃው ሲሞቅ ፋኑን የሚያስነሳውን ዕቃ) ገመድ ነቅሎ ከቦዲው ጋር አነካካው። ፋኑ ዝም አለ። «የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል፣ ስዊቹም ሞቷል» አለኝ። ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ላስመጣልዎ ይላል። ስዊቹ ካልተገኘ ደግሞ አዲሱን ፋን ዳይሬክት አድርጎ (ያለ ስዊች በቀጥታ ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝቶ) ቴርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ሊያወጣው ነው። ምን ይመክሩኛል? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ መምህር፣ እባክዎ ለጊዜው ምንም ዕቃ አይግዙ። ከጻፉልኝ ውስጥ የፋኑ ሞተር መቃጠሉን የሚያሳይ አንድም ነገር የለም። መካኒኩ ያደረገው ፍተሻ ለእርስዎ መኪና የተገላቢጦሽ ነው።

መጀመሪያ ምልክቱን እንየው። እርስዎ በደንብ አስተውለዋል። መኪናዋ ስትሮጥ የሚገባው ንፋስ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ፋን አያስፈልጋትም። ስትቆም ንፋሱ ይቀራል። ፋኑ ሥራ መጀመር ያለበት ያኔ ነው። መንገድ ላይ ደህና ሆና ስትቆም ብቻ የምትሞቅ መኪና ችግሯ ፋኑ ጋ ወይም ፋኑን የሚያዙት ነገሮች ጋ ነው። ሐሙሲት ላይ በ80 እየሮጠች ብትሞቅ ኖሮ ስለ ስዊች ባልተነጋገርን። የተደፈነ ራዲያተር፣ አልከፈት ያለ ቴርሞስታት፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ ሲብስም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ በቴስታታው መካከል ያለ ማሸጊያ) እንፈልግ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መርፌ የሚያንቀሳቅሰውና ፋኑን የሚያስነሳው ዕቃ አንድ አይደለም። ሁለቱም ውሃው ውስጥ ተነክረው የተቀመጡ ናቸው፤ ግን ለየብቻ ናቸው። መርፌው ትክክል ስላሳየ ስዊቹ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ አያለሁ። የጌጁን (የመርፌውን) ሴንሰር ይቀይራል፣ ፋኑ አሁንም አልነሳ ሲለው ግራ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የፋን ስዊች ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሲቀዘቅዝ የተለያየ፣ ሲሞቅ የሚገናኝ ነው። የድሮ ጎልፍ፣ ፊያትና ላዳ ላይ የምናገኘው ይህንን ነው። ውሃው ሲሞቅ ስዊቹ ያገናኛል፣ ፋኑ ይነሳል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ሲቀዘቅዝ የተገናኘ፣ ሲሞቅ የሚለያይ። የዚያ ዘመን ኮሮላ የሚጠቀመው ይህንን ነው። ውሃው ከ83 ዲግሪ በታች ሲሆን ስዊቹ ገመዱን ከቦዲው ጋር ያገናኘዋል። ሪሌዩ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ የፋኑን ትልቅ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚለያይ ዕቃ) ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ፋኑን ያጠፋል። ውሃው 93 ዲግሪ ሲያልፍ ስዊቹ ይለያያል። ሪሌዩ ኤሌክትሪክ ያጣል፣ ፋኑ ይነሳል።

እንግዲህ መካኒኩ ገመዱን ነቅሎ ከቦዲው ጋር ሲያነካካው ለሪሌዩ ያስተላለፈው መልእክት «ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ፋኑን አታስነሳው» የሚል ነው። ፋኑም ታዘዘ። ፍተሻው ለላዳ ቢሆን ትክክል ነበር። ኮሮላ ላይ ግን ፋኑ አዲስ ቢሆን እንኳ ዝም ይላል። መካኒኩን አልወቅሰውም። ሲማር ያየው ሌላ መኪና ይሆናል። የእርስዎ ገንዘብ ግን በዚህ ምክንያት መውጣት የለበትም።

ቶዮታ ለምን እንዲህ አደረገው? ገመዱ ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢላቀቅ ፋኑ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል እንጂ ሞተሩ አይነድም። እኔ ይህን አሠራር በጣም ነው የምወደው። ብልሽት መምጣቱ ካልቀረ ጉዳቱ ባነሰበት በኩል ይምጣ ብለው ያሰቡ ሰዎች የሠሩት ነው።

ትክክለኛው ፍተሻ ከመካኒኩም ይቀላል። ግቢዎ ውስጥ ሆነው ይሠሩታል። ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን ይዩ። ሙሉ መሆን አለበት። ውሃ ሲጎድል ስዊቹ በአየር ውስጥ ይቀራል፣ ሙቀቱንም በትክክል አያገኝም። ብዙ «የሞተ» ስዊች ውሃ ሲሞላ ከሞት ይነሳል። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ክዳኑን እንዳይነኩ። አደራ።

ከዚያ ስዊቹን ይፈልጉ። ቴርሞስታቱ ከተቀመጠበት የውሃ መግቢያ አካባቢ ወይም ራዲያተሩ ግርጌ ነው የሚሆነው። የናስ ገላ ያለው፣ እንደ ቡሎን በጥርስ የሚታሰር፣ አንድ ገመድ የሚሄድበት ትንሽ ዕቃ ነው። ሶኬቱን ይንቀሉ። ገመዱ ምንም ብረት ሳይነካ ይንጠልጠል። ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ፤ ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። ከዚያ በፊት ግን እጅዎን ከፋኑ ያርቁ። ጋቢ ደርበው ከሆነ ቤት ያስቀምጡት። ፋን ሲነሳ አያስጠነቅቅም።

ፋኑ ከተነሳ እንኳን ደስ አለዎት። የፋኑ ሞተር፣ ፊውዙ፣ ሪሌዩና ገመዱ በአንድ ጊዜ ተፈተኑ፣ ለጊዜው ሁሉም ደህና ናቸው። የቀረን ዋና ተጠርጣሪ ስዊቹ ነው። እሱንም ሳናረጋግጥ አንፈርድበትም።

ለዚህ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዋሱ። ድምፅ የሚያሰማበት ላይ ያድርጉት። አንዱን ጫፍ የስዊቹ ምላስ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቴስተሩ መጮህ አለበት። አሁን ሶኬቱን መልሰው ይሰኩና ሞተሩን አስነስተው ቆማ ትሙቅ። አጠገቧ ይሁኑ። መርፌው ከወትሮው ቦታ ትንሽ ከፍ እንዳለ ሞተሩን ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ቴስተሩን እንደገና ያስቀምጡ። አሁንም ከጮኸ ስዊቹ ተጣብቆ ቀርቷል። ሞቷል። በዚህ ጊዜ አዲስ ይግዙ፣ በሙሉ ልብ። ዝም ካለ ግን ስዊቹ ሥራውን ሠርቷል። ያኔ የሚፈለገው አንድ ቦታ ላይ ልባሱ ተፍቆ አልፎ አልፎ ቦዲውን የሚነካ ገመድ ነው።

ስዊቹ ለምን እንደሚጣበቅ ማወቅ ከፈለጉ፣ አንዱን የተጣለ ስዊች በመጋዝ ቆርጠው ይዩት። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀች፣ እንደ ትንሽ ሳህን ጎበጥ ያለች ስስ ነገር አለች። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጎን ትገለበጣለች። ጸጥ ባለ ቦታ «ጠቅ» ስትል ትሰማለች። ያቺ መገልበጥ ናት ኮንታክቶቹን የምታገናኘው ወይም የምትለያየው። በእያንዳንዱ መለያየት ትንሽ ብልጭታ አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ የኮንታክቶቹ ፊት ይጠቁራል፣ ይሸረሸራል፣ አንዳንዴም ይጣበቃል።

ሶኬቱ ተነቅሎም ፋኑ ካልተነሳ ደግሞ ከስዊቹ ወዲያ እንሂድ። በቅድሚያ የፋኑን ፊውዝ ይዩ። ከዚያ ከባትሪው ሁለት ወፈር ያለ ገመድ ስበው ለፋኑ ሞተር በቀጥታ ይስጡት። ከዞረ ሞተሩ ደህና ነው፣ የቀረው ሪሌዩ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ጋራዥ ውስጥ የተለመደው ዘዴ የክላክሱን ሪሌይ ነቅሎ በፋኑ ቦታ መሞከር ነው። ኮሮላ ላይ ይህ አይሠራም። የፋኑ ሪሌይ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ የተገናኘ፣ ሲያገኝ የሚለያይ ዓይነት ነው። የክላክሱ ተቃራኒው ነው። ቢቀያይሯቸው ሌላ የተሳሳተ መልስ ነው የሚያገኙት።

አዲስ ስዊች የሚታሰር ከሆነ አንድ ነገር ይቆጣጠሩልኝ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ደራርበው እንዳይጠቀልሉበት። ባለ አንድ ገመድ ስዊች ከቦዲው ጋር የሚገናኘው በጥርሱ በኩል ነው። ቴፍሎኑ ከወፈረ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በእርስዎ መኪና ፋኑ ቁልፉ ኦን ላይ እስካለ ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ሲሞቅ የሚያገናኝ ባለ አንድ ገመድ ስዊች ባለው መኪና ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ስዊቹ ከራሱ ቀለበት ጋር ይታሰር፤ በቂ ነው።

አሁን ስለ ዳይሬክት። ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፤ እቃወመዋለሁ። ፋኑ ከቤት ሲወጡ ጀምሮ ይሽከረከራል። ካርቦኑ (በፋኑ ሞተር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው) ቶሎ ያልቃል። ዲናሞው ያለ ሥራ ይደክማል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ገመዱ ነው። የራዲያተር ፋን ብዙ አምፔር ይስባል። እኔ ጋ የሚመጡት ዳይሬክት የተደረጉ መኪኖች ብዙዎቹ ገመዳቸው እንደ ስልክ ገመድ የቀጠነ ነው፣ ፊውዝም የላቸውም። ልባሱ ቀልጦ ከሌላው ገመድ ጋር የተጣበቀበት አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው እሳት ነው።

መንገድ ላይ ቢቸግርዎስ? የእርስዎ ኮሮላ ዳይሬክት አያስፈልጋትም፤ የተዘጋጀ መውጫ አላት። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል አባይ በረሃ ውስጥ ፋኑ አልነሳ ቢልዎ ሶኬቱን ይንቀሉት፣ ገመዱን ብረት እንዳይነካ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስሩት። ፋኑ ሳያቋርጥ እየዞረ ከተማ ያደርስዎታል። የውስጡን ማሞቂያም ሙሉ ለሙሉ ይክፈቱት። ለተሳፋሪ አይመችም፤ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል።

ቴርሞስታቱን ማውጣት ደግሞ ከዳይሬክቱም የከፋ ነው። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ራሱ፣ ሞተሩ ሙቀት ቢያበዛ እንኳ ቴርሞስታቱን አታውጡ፣ ማቀዝቀዙን ይቀንሳል ይላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ ውስጥ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበት አቋራጭ አለ፤ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ። ቴርሞስታቱ ሲሞቅ የራዲያተሩን በር እየከፈተ አቋራጩን ይዘጋዋል። ሲያወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። መንገድ ሲዘጋጋ፣ እርስዎ በሚቸገሩበት ሰዓት፣ መኪናዋ ይብስባታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎልፍ 2 አለችኝ። የፋን ስዊቹን ሁለት ገመዶች በሽቦ ሳገናኛቸው ፋኑ ይነሳል። ስለዚህ የሞተው ስዊቹ ነው ብዬ አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። ለውጥ የለም። ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላና በውሃ መሙያው ክዳን በኩል ይወጣል። አሮጌውንም አዲሱንም ስዊች ድስት ውስጥ ከትቼ በቴስተር ሞከርኳቸው። ውሃው እየተንተከተከ ሁለቱም አልተገናኙም። አዲሱም ፎርጅድ ነው ማለት ነው? የሠፈር መካኒክ «አየር ያግኝ» ብሎ ክዳኑን አላልቼ እንድነዳ ነግሮኛል። (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱን ገመዶች አገናኝተህ ፋኑን መፈተንህ ትክክል ነው። ጎልፍ ላይ ፍተሻው ይሄ ነው። ከላይ ለመምህሩ የጻፍኩትን ካነበብክ ልዩነቱ ይገባሃል። ስዊቹ ፎርጅድ ነው ብለህ ግን አትፍረድ። ድስቱ ነው ያሳሳተህ።

ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል። ወደ 300 ሜትር በወጣህ ቁጥር የመፍያው ነጥብ በግምት 1 ዲግሪ ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ94 ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን ብትጨምር ትነቱ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

አሁን የስዊችህን የናስ ገላ በጨርቅ ጥረገውና አንብበው። ሁለት ቁጥር ተቀርጾበታል። ለምሳሌ 95 እና 84 የሚል ከሆነ፣ 95 ገደማ ላይ ይገናኛል፣ 84 ገደማ ላይ ይለያያል ማለት ነው። ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለው የባህር ዳር ውሃ 95 ዲግሪ አይደርስም። ከነጋ እስኪመሽ ብትቀቅለው ስዊቹ አይገናኝም። ደህና ስዊች ሞቶ የሚጣለው እንዲህ ነው፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። በተለይ ተለምኖና ስንት ቀን ተጠብቆ የመጣ ዕቃ ሲሆን።

በትክክል መፈተን ከፈለግክ በውሃ ፈንታ የምግብ ዘይት ተጠቀም። ለምግብ የማይውል አሮጌ ጣሳ ውስጥ ትንሽ ዘይት አድርግ። ስዊቹን በደንብ አድርቀው፤ የውሃ ጠብታ በጋለ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። በሽቦ አንጠልጥለው፣ ናሱ ብቻ ይነከር፣ የሶኬቱ በኩል ከላይ ይሁን። ከ100 በላይ የሚለካ ቴርሞሜትር አጠገቡ ይግባ፤ ሁለቱም የጣሳውን ታች አይንኩ። እሳቱ ቀስ ያለ ይሁን፣ ከቤት ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት። ቴስተሩ ስንት ዲግሪ ላይ እንደጮኸ ጻፍ። ከዚያ እሳቱን አጥፋና ስንት ላይ ዝም እንዳለ ጻፍ። ሁለቱ ቁጥሮች ናሱ ላይ ካለው ጋር ከተቀራረቡ ስዊችህ ጤነኛ ነው። 105 ደርሶ ካልተገናኘ አውጣና ጣለው።

ታዲያ ስዊቹ ጤነኛ ከሆነ መኪናዋ ላይ ለምን አልሠራም? መልሱ ጥያቄህ መጨረሻ ላይ አለ። ክዳኑ ነው።

የማቀዝቀዣው ውሃ በግፊት ታፍኖ እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው። ክዳኑ በስፕሪንግ ግፊቱን ይይዘዋል። 0.9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ ክዳን ብንወስድ እዚህ ባህር ዳር የውሃውን መፍያ ከ94 ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ያወጣዋል። የጎልፍህ ክዳን ደግሞ ከዚያ በላይ ይይዛል። በዚያ ሁሉ መሃል ስዊቹ 95 ላይ ተረጋግቶ ፋኑን ያስነሳል፣ ውሃው ሳይፈላ ሙቀቱ ይወርዳል። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ የለም። ውሃው በ94 ይፈላል፣ ስዊቹ ደግሞ 95ን እየጠበቀ ነው። በዚያ ላይ ጎልፍ ላይ ስዊቹ ያለው ራዲያተሩ ጎን ላይ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ውሃ ከሞተሩ ከሚወጣው ይቀዘቅዛል። ሞተሩ ጋ ሲፈላ ስዊቹ ጋ ገና ነው። «አየር ያግኝ» የተባለው ምክር ነው መኪናህን እየቀቀላት ያለው። ክዳኑን ዛሬውኑ አጥብቀው።

አጥብቀኸውም ላይዝ ይችላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፍታና ጎማውን በጣትህ ዳስሰው። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ የተበላ ከሆነ አየር ያሳልፋል። ሌላ ቀላል ምልክት አለ። መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ቱቦ ወፍራም ጨርቅ ይዘህ ጨመቅ አድርገው። ግፊት ካለ ጠጠር ይላል። እንደ ጠዋቱ ለስላሳ ከሆነ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፣ ብዙ ጊዜም ክዳኑ ነው። አዲስ ክዳን ከስዊች፣ ከፋንና ከቴስታታ ሁሉ ይረክሳል።

ክዳኑ ደህና ሆኖም ከቀጠለ ራዲያተሩን ስዊቹ ባለበት በኩል ዳስሰው። ሞተሩ እየሞቀ እዚያ ጋ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ስዊቹ እየደረሰ አይደለም። ስዊቹ ስትቀይር የገባ አየር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቴርሞስታቱ አልተከፈተም፣ ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል። በዚህ ጊዜ ፋኑ አለመነሳቱ ጥፋት አይደለም። የደረሰው ነገር ስለሌለ ነው።

ሶኬቱንም እንዳትረሳ። ሐይቁ ቅርብ ነው፣ እርጥበት አለ። ነቅለህ ውስጡን በስልክህ መብራት እየው። የናሱ ምላስ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ካየህ ግንኙነቱ ደካማ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳው። የሶኬቱን እግር በቀጭን ካቻቪቴ ጠበብ አድርገው፣ ሲገባ ያዝ እንዲያደርግ።

አንዳንዱ ቶሎ ይነሳልኝ ብሎ በጣም ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ስዊች ያስገባል። አልመክርህም። የሚለያይበት ሙቀት ቴርሞስታቱ ከሚሠራበት ካነሰ ፋኑ አንዴ ከተነሳ አይጠፋም። ይልቅ ግማሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ ንጹሕ ውሃ አድርግ። የመፍያውን ነጥብ በብዙ ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ለከፍታ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። የጎልፍ ፋን ቁልፉ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ኮፈን ከፍተህ ስትሠራ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ፊያት ነው ያለኝ። ከዘጌ ስመለስ ሞቀችብኝ፣ ውሃም ጎድሎ ነበር። ሐይቁ ዳር የነበሩ ልጆች ከጣና በጀሪካን ቀድተው ሞሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ፋኑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ከተነሳም ቶሎ አይጠፋም። ስዊቹ ተበላሽቶ ነው? (ከግሽ አባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን እግዜር ይስጣቸው፤ በዚያ ሰዓት ያለ ውሃ ከመንዳት የሐይቁ ውሃ ይሻላል። ስዊቹ ግን ብዙም አልተጠራጠርኩትም። ነገ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ። ፋኑ ዝም ካለ ስዊቹ ተጣብቆ አልቀረም። ቀዝቃዛ ሆኖ ከተነሳ ግን ስዊቹን ይቀይሩ።

ዝም ካለ ፋኑ እየነገረዎት ያለው እውነቱን ነው፤ ውሃው እውነትም እየሞቀ ነው። ጣና ውስጥ የሚገቡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ነው የሚመጡት። ዳር ዳሩ ላይ የሚቀዳ ውሃ ደግሞ ይበልጥ ይደፈርሳል። ያ ደለል በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀድሞ ዝገት ካለ ደግሞ ቶሎ ይደፍነዋል።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን በሙሉ ከታች ያፍሱት። ንጹሕ ውሃ ይሙሉ፣ የውስጡን ማሞቂያ ከፍተው ሞተሩ እስኪሞቅ ያሠሩት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው እንደገና ያፍሱ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ይደጋግሙት። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። የራዲያተሩን ውጭም ይዩት። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር የሚነዳ መኪና ፊቱ ትንኝ ብቻ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ግፊቱ ለስለስ ባለ ውሃ ያጥቡት፤ በኃይለኛ ፓምፕ ከመቱት ስሶቹ ክንፎች ይተኛሉ፣ አየር ማሳለፍ ያቆማሉ። ይህን ሁሉ አድርገው መሃሉ አሁንም ቀዝቃዛ፣ ዳሩ ትኩስ ከሆነ ራዲያተሩ ተፈቶ መጸዳት አለበት።

የወጣው ውሃ ውስጥ ኩላንት ካለበት ቦይ ውስጥም ሐይቁ ዳርም አይድፉት። መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ጥጃም ይልሰዋል። ጀሪካን ውስጥ አጠራቅመው ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ይጻፉበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡት።